የስልክ ኢሜጅ አልከፈት ካላችሁ መጀመሪያ መጠኑን እዩ

ሩት ከተደረገ (ሙሉ የሲስተም ፈቃድ ከተከፈተለት) አንድሮይድ ስልክ የዩዘርዳታ ፓርቲሽኑን (የተጠቃሚው ዳታ ያለበትን የማከማቻ ክፍል) በኤዲቢ (ስልኩን ከኮምፒውተር በሚያዘው ፕሮግራም) እና በዲዲ (ዳታን ባይት በባይት በሚቀዳው ትዕዛዝ) ቀድታችሁ ኢሜጁ፣ ማለትም የፓርቲሽኑ ሙሉ ቅጂ፣ አልከፈት ካለ፣ ሶፍትዌር ከመቀያየራችሁ በፊት የፋይሉን መጠን እዩ። ስልኩ ላይ «ፕሮክ» ፎልደር ውስጥ ያለው «ፓርቲሽንስ» የተባለ ፋይል የእያንዳንዱን ፓርቲሽን መጠን በ1024 ባይት ብሎክ ያሳያል። ቁጥሩን በ1024 አባዙና ኮምፒውተር ላይ ካረፈው ፋይል ጋር አስተያዩ።

ኢሜጁ ከፓርቲሽኑ ከበለጠ መንገድ ላይ ተበላሽቷል። የድሮው የኤዲቢ ሼል ዳታውን እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥረው የአዲስ መስመር ምልክት ባየ ቁጥር አንድ ባይት ይጨምርበታል። የኤዲቢ ትዕዛዙ ላይ በ«ሼል» ፋንታ «ኤክሴክ-አውት» ተጠቀሙ። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የቆየው ፓወርሼል (የዊንዶውስ የትዕዛዝ መስኮት) ራሱ በ«>» ምልክት ወደ ፋይል የሚያልፈውን ዳታ ያበላሻል፤ ከሌላኛው የትዕዛዝ መስኮት ከሲኤምዲ አስኪዱት። ይሄኛው ሰው የማይጠረጥረው ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው።

4 ጊጋባይት ላይ ቀጥ ካለ የምትቀዱበት ካርድ ፎርማቱ ፋት32 ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። በኤክስፋት ፎርማት የተደረገ ባዶ ካርድ አምጡ።

መጠኑ ልክ ሆኖ ውስጡ ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ምስጠራ ነው። ከአንድሮይድ 10 ጋር ወይም ከዚያ ወዲህ የወጡ ስልኮች እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻ ስለሚመሰጥሩ ጥሬ ኢሜጅ ብቻውን ብዙም አይፈይድም። ስልኩ በፒን ተከፍቶ ሳለ ፋይሎቹን በታር (ብዙ ፋይሎችን በአንድ ፋይል በሚጠቀልለው ትዕዛዝ) አውጡ፤ ፒኑን የማታውቁት ከሆነ በምንም ምክንያት ሪስታርት እንዳታደርጉት።

ሁለቴ ቀድታችሁ ሀሹ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላው መለያ) ባይገጥም አትደንግጡ፣ የበራ ስልክ ዳታው ሁሌ ይለዋወጣል። የወጣውን ፋይል ሀሽ እዚያው መዝግቡ።