በዜብራ ፕሪንተር የተሞላ ጥቁር ሳጥን፣ ያለ ምስል

በዜብራ የሌብል ፕሪንተር በዜድፒኤል (ለፕሪንተሩ ትዕዛዝ በሚጻፍበት ቋንቋ) ለምትሠሩ። ጥቁር የተሞላ ሳጥን ሲያስፈልግ ብዙ ሰው ምስል ሠርቶ ይጭናል። ሳጥን የሚስለው የ«ጂቢ» ትዕዛዝ ብቻውን ይበቃል። ለብቻው የመሙያ ቁጥር የለውም፤ የመስመሩን ውፍረት ከአጭሩ ጎን ጋር እኩል ስታደርጉት ግን ይሞላል። መስመሩ የሚወፍረው ወደ ውስጥ ስለሆነ መሃሉ ላይ ባዶ ቦታ አይተርፍም።

በ203 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 203 ነጥብ በሚያትም) ፕሪንተር 1 ሚሊሜትር 8 ነጥብ ነው። ስለዚህ ለ25 በ5 ሚሊሜትር ጥቁር ጥብጣብ ስፋት 200፣ ቁመት 40፣ ውፍረት 40 ብላችሁ ጻፉ። በ300 ዲፒአይ ላይ ይኸው ቁጥር አንሶ ይወጣል። ክብ በሚስለው «ጂሲ»ም ያው ነው፤ ውፍረቱን እንደ ዲያሜትሩ አድርጉት።

በጣም የምወደው ደግሞ ይሄ ነው፦ ከሳጥኑ ትዕዛዝ ቀጥሎ የዋጋውን ቁጥር እዚያው ሳጥኑ ላይ አስቀምጡና ቀለም የሚገለብጠውን የ«ኤፍአር» ትዕዛዝ ጨምሩበት። ጥቁሩ ላይ ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ሰፊ ጥቁር ቦታ ግን አታብዙ። የፕሪንተሩ ራስ ያን ሁሉ ነጥብ ማሞቅ አለበት፤ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ቶሎ ይጨርሳል። ባርኮድንም በ«ኤፍአር» አትገልብጡ፣ ብዙ ስካነር አያነበውም።