ፀሐይዋ የየት አገር ናት? የሕንፃ ውጭ ገጽታ ሬንደሪንግ ሲጀምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ መኖሪያ ቤት የውጭ ገጽታ ሬንደሪንግ፣ ማለትም ገና ያልተሠራውን ቤት እንደ ፎቶግራፍ የሚያሳይ የኮምፒውተር ምስል ሠርቼ ነበር። ባለቤቱ ከሁሉ አስቀድመው የነገሩኝ ስለ በረንዳው ነው። እናታቸው በዕድሜ የገፉ ስለ ነበሩ በብርዱ ወራት ፀሐይ የሚሞቁበት ቦታ ይፈልጉ ነበር። በረንዳው ወደ ደቡብ ያያል፤ ጥልቀቱ 3 ሜትር፣ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ጠርዝ ያለው ከፍታ 2.70 ሜትር ነው። በምስሌ ላይ የቀትር ፀሐይ ወለሉን አልፋ ከኋላው ግድግዳ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ታርፋለች። አዩት፤ ወደዱት፤ ቤቱም ተሠራ። በታኅሣሥ ወር አንድ ቀን በቀትር ሄጄ ሳይ ግን አግዳሚው ጥላ ውስጥ ነበር። ፀሐይዋ ከበረንዳው ጠርዝ 1.70 ሜትር ያህል ገብታ እዚያው ቆማለች።

ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት አልረሳውም። የመጀመሪያውን ስህተት ከዚሁ እንጀምር።

ቦታውን ሳይነግሩ ፀሐይ ማብራት

ስኬችአፕ የሚባለው የሕንፃ መቅረጫ ፕሮግራም ሕንፃው የት እንደሚገኝ ካልተነገረው የፀሐይዋን አቅጣጫ የሚያሰላው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ላለችው ለቦልደር ከተማ ነው። ቦልደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 40 ዲግሪ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ። ታኅሣሥ 12 ቀን በቀትር የቦልደር ፀሐይ ከአድማስ 27 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ የአዲስ አበባዋ 58 ዲግሪ ትደርሳለች። ዝቅ ያለች ፀሐይ ወደ በረንዳ ጠልቃ ትገባለች፤ ከፍ ያለችው ጠርዙ ላይ ትቀራለች። እኔ ለእኚያ እናት ያሳየኋቸው የቦልደርን ፀሐይ ነበር።

ሌላም አለ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የተዘጋጁ ትምህርቶች “ወደ ሰሜን የሚያይ ግድግዳ የቀትር ፀሐይ አያገኘውም” ብለው ያስተምራሉ። ለእነርሱ ትክክል ነው። በአዲስ አበባ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ 20ዎቹ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በግንቦት ሙቀት ሰሜን የሚያየው መስኮት ጥላ ካልተበጀለት ፀሐይ ያገኘዋል። ይህን በሚገባ የተሠራ ምስል ከግንባታው በፊት ይናገራል፤ ለዚህም ቦታውን ማስገባትና የፕላኑን የሰሜን ቀስት ማየት ይበቃል። የወረቀቱ አናት ሁልጊዜ ሰሜን አይደለም።

ሰዓቱንና ወሩን በእኛ አቆጣጠር መጻፍ

ይህ የእኛው ስህተት ስለሆነ የውጭ አገር አስተማሪ አያስጠነቅቀንም። የጠዋት 3 ሰዓት ብርሃን የፈለገ ተማሪ 3 ብሎ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ያደርግለታል። መጻፍ የነበረበት 9 ነው። ምስሉ ሲጨልም ስህተቱ ቶሎ ይታያል፤ የወሩ ስህተት ግን ይደበቃል። ታኅሣሥ ለእኛ አራተኛ ወር ነውና 4 ብለው ከጻፉ የሚያገኙት ኤፕሪልን ነው፤ በአዲስ አበባ ፀሐይ በቀትር አናት ላይ የምትሆንበትን ወር። ምስሉ ያምራል፣ ጥላውም እውነት ይመስላል፤ የተሳሳተ መሆኑን የሚያውቅ ግን የለም።

ሁለት ፀሐይ

ለሰማይ ኤችዲአርአይ የሚባለውን፣ ዙሪያውን አሳይቶ ለምስሉ ብርሃን የሚሰጥ ፎቶግራፍ ሲጠቀሙ ፎቶግራፉ የራሱ ፀሐይ አለው። በላዩ ሌላ ፀሐይ ከጨመሩ ዛፉ ወደ ግራ፣ አጥሩ ወደ ቀኝ ጥላ ይጥላል። አንዱን ያጥፉ፤ ወይም ፎቶግራፉን አዙረው ሁለቱን ያገጣጥሙ።

ሰው ሊቆም በማይችልበት ቦታ ካሜራ ማቆም

ጀማሪ ሕንፃው በሙሉ እንዲታይለት የፕሮግራሙን ካሜራ ወደ ኋላ እየጎተተ የጎረቤትን ግድግዳ ጥሶ ይወጣል። ያ ካልሆነለት ሌንሱን 15 ሚሊሜትር ያደርገዋል፤ ግቢውም ሜዳ ይመስላል። አሠሪው ሁለት መኪና ለማቆም የማይበቃውን ቦታ አራት የሚችል መስሎት ይደሰታል። እንዲህ ዓይነቱን ደስታ መስጠት በደል ነው። መንገዱ 6 ሜትር ስፋት ካለው ካሜራው እዚያው መንገድ ላይ ይቁም። ከፍታው 1.60 ሜትር፣ ሌንሱ ከ24 እስከ 35 ሚሊሜትር ይሁን። ሕንፃው ካልገባ ሁለት ምስል ይሥሩ።

ጣሪያው እንዲታይ ካሜራውን ወደ ላይ ቀና ማድረግም ግድግዳዎቹ ወደ ኋላ የሚወድቁ ያስመስላል። ካሜራው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከዚያ ብሌንደር በሚባለው ሌላ ፕሮግራም ሺፍት በሚለው ቁጥር፣ በስኬችአፕ ደግሞ ቱ ፖይንት ፐርስፔክቲቭ በሚለው ምርጫ እይታውን ያስተካክሉ። የግድግዳው ማዕዘን ከምስሉ ጠርዝ ጋር ጎን ለጎን ቀጥ ብሎ ሲወርድ ዓይን ያርፋል።

መጠኑን በዓይን መገመት

ከሌላ ፕሮግራም የመጣ ሥዕል በሚሊሜትር ተሠርቶ በሜትር ሊነበብ ይችላል። ቀላሉ መፈተሻ ብሎኬት ነው። 40 በ20 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን ሠርተው ከግድግዳው አጠገብ ያስቀምጡ። ግድግዳው የለበሰው ድንጋይ አንዱ ፍሬ ከብሎኬቱ አምስት እጥፍ ከሆነ ያን ድንጋይ የሚሸከም ግንበኛ የለም። በሩንም 2.10 ሜትር መሆኑን ይለኩ።

ትናንት የተቀባ ግድግዳ

ስለዚህ ብዙ ማለት እወዳለሁ፤ ምስልን ሕይወት የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው ይህ ነውና። የጀማሪ ነጭ ግድግዳ 100 በመቶ ነጭ ነው። በእውኑ ዓለም አዲስ ነጭ ቀለም እንኳ ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶ ገደማ ቢመልስ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ የነጩን ቁጥር ከ1 ወደ 0.8 ያውርዱት፤ ያን ጊዜ የጥላው ዝርዝር ሁሉ ይመለሳል። የግድግዳውም ማዕዘን እንደ ምላጭ አይሳል። የልስን ጠርዝ ጥቂት ሚሊሜትር ይዞራል፤ ያቺ ጥቂት ሚሊሜትር ብርሃን ይዛ ቀጭን መስመር ታበራለች።

አንድ ጊዜ ክረምት ካለፈበት ቤት ፊት ቆመው ይመልከቱ። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ድረስ ዝናብ የረጨው ቀይ አፈር ግድግዳውን አቅልሞታል። ከመስኮቱ ደፍ ሁለት ጫፎች የወረደ ጥቁር መስመር አለ። አሸንዳው የሚያፈስስበት ቦታ አረንጓዴ ለብሷል። ይህን ሁሉ በምስሉ ላይ ያድርጉ አልልም፤ ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛውን ብቻ ቢያስገቡ ግን ቤቱ መሬት ላይ የቆመ ይመስላል። ከዚያም በላይ ደፉ ውኃ የሚያንጠባጥብበት ጠርዝ እንደሚያስፈልገው ገና በሥዕል ደረጃ ያስታውሱታል።

ባዶነትን የሚያንጸባርቅ መስታወት

መስታወት የሚያሳየው ፊቱ ያለውን ነው። ከካሜራው ኋላ ምንም ከሌለ በሕንፃው ፊት ላይ ግራጫ ባዶነት ይታያል። ከኋላ ጥቂት ሣጥን ሕንፃዎችና ዛፎች ያስቀምጡ፤ ከመስታወቱም በስተጀርባ መጋረጃና ወለል ይኑር።

የሰው አገር ዛፍ

የፕሮግራሞቹ ዝግጁ ዛፎች ብዙዎቹ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ናቸው። በአዲስ አበባ ግቢ በመኸር ቀልቶ የሚረግፍ ሜፕል ማየት ያሳዝነኛል። ጥድ፣ ዝግባ፣ ግራቪሊያ፣ ኮሶ አሉን፤ ባሕር ዛፍም አለ። ዝግጁ ካላገኙ ቅርጹና የቅጠሉ ቀለም የሚቀርበውን ይምረጡ። ወቅቱም ይስማማ፤ የየካቲት ሣር እንደ መስከረም አይለመልምም።

መሬቱን ጠፍጣፋ ማድረግ

አዲስ አበባ ተዳፋት ናት። ሜዳ ላይ የተቀመጠ ሕንፃ የድጋፍ ግንቡን፣ ደረጃውንና የጎርፍ መውረጃውን ይሰውራል፤ እነዚህ ደግሞ አሠሪውን ብዙ ገንዘብ የሚያስወጡ ናቸው። የኤሌክትሪክ ምሰሶውንም አይሰርዙት፤ ነገም እዚያው ነው የሚቆመው።

ከመጀመሪያው ሙከራ ጀምሮ ሙሉ ጥራት

ኮምፒውተሩን ሌሊቱን ሙሉ አስጨንቆ ጠዋት ካሜራው ጠማማ መሆኑን ማየት ያደክማል። ሁሉንም ግራጫ አድርገው፣ በትንሽ መጠን፣ ብርሃኑንና እይታውን ብቻ ይጨርሱ። ማቴሪያል፣ ማለትም የየገጹ ቀለምና ዓይነት፣ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ነጠብጣብ የሚያጠፋውን ማጣሪያም በልኩ ይጠቀሙ፤ ሲበዛ የድንጋዩን ገጽ ልሶ እንደ ፕላስቲክ ያደርገዋል።

ምስሉን ለአሠሪው ከመላክዎ በፊት አትመው ወደ ቦታው ይሂዱ። ካሜራው ከቆመበት ቦታ ቆመው፣ በምስሉ ላይ በጻፉት ሰዓት፣ ወረቀቱን ከፍ አድርገው የራስዎ ጥላ መሬቱ ላይ በየት በኩል እንደወደቀ ይመልከቱ።