ስለ ሜትሮቪክ ኮ-ቦ ሎኮሞቲቭ ሲወራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የእንግሊዙ ፋብሪካ ሜትሮፖሊታን-ቪከርስ (ባጭሩ ሜትሮቪክ) በ1958 እና 1959 (እ.ኤ.አ.) ኮ-ቦ የሚባሉ 20 የናፍጣ ሎኮሞቲቮችን ሠርቶ ለእንግሊዝ ባቡር አስረከበ። በ1968 መጨረሻ መንገደኛ ወይም ዕቃ የሚጎትት አንድም አልቀረም። ለምን እንደከሸፉ የሚወራው ግን አብዛኛው ልክ አይደለም።

ጥፋቱን በእግሩ ላይ መጫን

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ሎኮሞቲቩ በአንድ ጫፍ ሦስት፣ በሌላው ጫፍ ሁለት አክስል (ሁለት ጎማ የሚያገናኝ ዘንግ) አለው፤ "ኮ" ሦስቱን፣ "ቦ" ሁለቱን ያመለክታል። በእንግሊዝ ዋና መስመር ላይ እንዲህ ያለ ሌላ ስላልነበረ፣ ሰው ገና ሲያየው "ድሮስ ይሄ ይሠራል?" ይላል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። 97 ቶን የሚመዝን ማሽን ነው፤ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚያደላ በዚያ በኩል አንድ አክስል ተጨመረለት። አምስቱም አክስሎች በኤሌክትሪክ ሞተር ይዞራሉ።

ያስቸገረው ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው፣ ክሮስሊ የተባለው ኩባንያ የናፍጣ ሞተር ነው። ቱ-ስትሮክ፣ ስምንት ሲሊንደር፣ 1,200 የፈረስ ጉልበት። ቫልቭ የለውም። አየር የሚገባውም ጭስ የሚወጣውም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ነው። የአንዱ ሲሊንደር የጭስ ግፊት ደግሞ ከሌላው ሊያመልጥ ያለውን ንጹሕ አየር መልሶ ይገፋዋል። ሐሳቡ ያምራል። ሥራ ላይ ሲውል ግን ያጨሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎ ቶሎ ይበላሻል።

ማስረጃ የሚፈልግ አየርላንድን ይይ። እዚያ ከ1955 ጀምሮ 60 ሎኮሞቲቮች ይህንኑ የክሮስሊ ሞተር ይዘው ገቡ፤ እነሱም አስቸገሩ። ከ1968 አንስቶ ሞተሩ ወጥቶ የጄኔራል ሞተርስ ተገጠመላቸው። ከዚያ በኋላ እስከ 1990ዎቹ ድረስ አገለገሉ።

"ማን ያውቅ ነበር?" ማለት

ምልክቱማ ነበር። ምዕራብ አውስትራሊያ ከ1954 ጀምሮ የክሮስሊ ሞተር ባላቸው ሎኮሞቲቮች ስትቸገር ነበር።

ሙከራ ሲባል አንድ ሁለት ማሽን ብቻ ማሰብ

የእንግሊዝ ባቡር የ1955ቱ የማዘመኛ ዕቅድ ለሙከራ ያሰበው 174 ሎኮሞቲቮችን ነው፤ የተለያየ ዓይነት፣ ከተለያየ ፋብሪካ። ኮ-ቦዎቹም ከእነዚህ ነበሩ። መጀመሪያ የታሰበው ለሦስት ዓመት ተሞክረው የተሻለው እንዲመረጥ ነበር። ባቡር ድርጅቱ ግን አልታገሠም፤ ውጤቱ ሳይታይ ሌሎች ዓይነቶችን በብዛት አዘዘ። ኮ-ቦ ግን 20 ላይ ቆመ። ስለዚህ ቢያንስ በእሱ ላይ ሙከራው የታሰበለትን ሠርቷል ባይ ነኝ።

"ለምንም አልሆነም" ብሎ መደምደም

ይሄም ፍርደ ገምድልነት ነው። ከመጋቢት 1959 ጀምሮ "ኮንዶር" የተባለውን የኮንቴይነር ባቡር ሁለት ሁለት እየሆኑ ጎትተዋል። ከለንደን ሄንደን ተነስቶ ግላስጎው ድረስ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ለዚያ ዘመን የሚያኮራ አገልግሎት ነበር። በእርግጥ ብልሽቱ አላስቆማቸውም ማለት አይቻልም። ወደ ጎን የታጠፈው የፊት መስታወታቸው እንኳ ባቡሩ እየሄደ ከቦታው ወልቆ ይወድቅ ነበር። ሹፌሩን አስቡት! በኋላ ዝርግ መስታወት ተገጠመላቸው።

ፎቶ ላይ 28 የሚል ቁጥር መፈለግ

አታገኙትም። ዛሬ "ክላስ 28" ብንላቸውም፣ በሥራ ላይ እያሉ የተጻፈባቸው ከዲ5700 እስከ ዲ5719 ያለው ቁጥር ነው።

ሁሉም ተቆራርጠው አልቀዋል ማለት

ዲ5705 ተርፏል። ከአገልግሎት ሲወጣ የባቡር ምርምር ክፍሉ ለራሱ ሥራ ወሰደው፤ በዚያው ከመቆራረጥ ዳነ። አሁን ቤሪ ከተማ፣ ኢስት ላንካሽር ሬይልዌይ በሚባለው የቅርስ ባቡር መስመር ይገኛል፤ ወዳጆቹ እየጠገኑት ነው።