ቤዝ ጊታሬን ከጣለው ማንገቻ እንዴት እንደተገላገልሁ

ቆሜ ስጫወት ማንገቻው ከጉጡ (ጊታሩ ላይ በብሎን ታስሮ ማንገቻው ከሚሰካበት ቁልፍ) ሾልኮ ቤዝ ጊታሬ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አንገቱ ባይሰበርም አንዱ የክር መወጠሪያ ተጣመመ። በመጀመሪያ ጉጡ ላይ የጎማ ሮንዴላ ደረብሁበት፤ ሆኖም የማንገቻው የቆዳ ቀዳዳ ሰፍቶ ስለነበር በሦስተኛው ቀን ዳግም ሾለከ። ከዚያ የሻለር ስትራፕ ሎክ (ማንገቻውን ከጉጡ ጋር የሚቆልፍ መያዣ) ብገጥምም፣ የጊታሩ እንጨት ተበልቶ ኖሮ ብሎኑ ሳይነክስ በባዶ ይሽከረከር ነበር፤ ቀናት የፈጀብኝም ይኸው ነው። በመጨረሻ ስቴኪኒዎችን በእንጨት ኮላ ነክሬ ቀዳዳውን ሞላሁት፤ ለ24 ሰዓት ካደረቅሁት በኋላ ትርፉን ቆርጬ፣ ከብሎኑ በቀጠነ መሰርሰሪያ በስቼ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ ቀስ ብዬ በእጄ አጠበቅሁት። አሁን ጉጡ አይነቃነቅም። በማንገቻው በኩል ያለው የስትራፕ ሎኩ ዳዶ ግን በንዝረት ሊላላ ስለሚችል፣ ከመጫወት በፊት ሁልጊዜ በጣት መፈተሽ አለበት።