ከወሎ አሜሪካ ለገባችሁ፦ የሙዚቃና የግራፊክስ ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከወልዲያ የመጣ ልጅ የመጀመሪያ ደመወዙ እጁ እንደገባ ይደውልልኛል። «ሙዚቃ ማቀናበር እፈልጋለሁ፣ የሠርግ ካርድና ባነርም እሠራለሁ፣ የቱን ልግዛ?» ይለኛል። አብዛኛው የሚደውለው ግን ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። በቅርቡም አንዱ የለፋበትን ገንዘብ ከፍሎ የማይከፈት ማሽን ታቅፎ ቤቴ መጣ። አንጀቴ አረረ። ስለዚህ የማውቀውን እዚህ ልጻፈው፤ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት።

ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) «አይ ሰቨን ነው» ስለተባላችሁ ብቻ አትክፈሉ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። የኢንቴል ኮር አይ7-4770 4ኛ ትውልድ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ባለ 4 ኮር ነው፤ ኮር አይ5-8500 ደግሞ 8ኛ ትውልድ፣ በ2018 የወጣ ባለ 6 ኮር ነው። በስሙ ትንሽ የሚመስለው ይሻላል ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በቀር ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ገበያው በርካሽ አሮጌ ማሽን የተጥለቀለቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም።

ራም ከ16 ጊጋ አይነስ። 8 ጊጋ ላይ ፎቶሾፕና ብሮውዘር አንድ ላይ ከፍታችሁ ትልቅ ባነር ስትሠሩ ማሽኑ ይተናነቃል። ዲስኩ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት) ይሁን።

ሁሉም ላፕቶፕ ይላል። እኔ ግን ቤት ቁጭ ብሎ ለሚሠራ ሰው ዴስክቶፕ ነው የምመክረው። ቢሮዎች ሲቀይሩ የሚሸጧቸው ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ጠንካራ ናቸው፤ ራምና ዲስክም ራሳችሁ ትጨምራላችሁ። ቀጭኖቹ ግን ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አይችሉም፣ ፓወር ሰፕላያቸውም ትንሽ ነው። ለካርድና ለፖስተር ግድ የለም፤ ቪዲዮና ስሪዲ የምትሠሩ ትልቁን ሳጥን ፈልጉ። ስክሪኑ አይፒኤስ (ከጎን ሲያዩትም ቀለሙ ብዙ የማይለወጥ ዓይነት) ይሁን፤ አለበለዚያ የሙሽራዋ ቀሚስ እናንተ ጋ ነጭ ሆኖ ማተሚያ ቤት ቢጫ ሊወጣ ይችላል።

ላፕቶፕ ካላችሁ አይቀር በ2020 መጨረሻ የወጣው ማክቡክ ኤር ኤም1 እስካሁን ለሙዚቃ ጥሩ ነው። ፋን የለውም። ማሲንቆ በአንድ ክፍል ውስጥ የቀዳ ሰው ትርጉሙ ይገባዋል፦ ተጫዋቹ ገመዱን ለስለስ አድርጎ ሲይዝ ማይኩ የሚሰማው የላፕቶፑን ፋን ሹሹታ ነው። ራሙ ግን ከቺፑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በኋላ አይጨመርም፤ 8 ከገዛችሁ 8 ሆኖ ይቀራል።

ለድምፅ በዩኤስቢ የሚሰካ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኝ ሳጥን) ግዙና፣ ማሽናችሁ ዊንዶውስ ከሆነ የራሱን አሲዮ ድራይቨር (ድምፁ እንዳይዘገይ የሚያደርግ ፕሮግራም) ጫኑ። በ48 ኪሎኸርዝ ባፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማስተላለፉ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) 128 ላይ ስታደርጉት ባፈሩ ብቻውን የሚያዘገየው 3 ሚሊሰከንድ አይሞላም። ካበዛችሁት አምባሰል የሚያዜመው ሰው የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ይሰማና ዜማው ይበተንበታል። ሶፍትዌር ስትመርጡም ቅኝታችሁን አስቡ። ትዝታን በተራ ኪቦርድ ትሠራላችሁ፤ አንቺሆዬን ግን ማሲንቆው የሚይዝበት ቦታ ከፒያኖው ቁልፍ ጋር በትክክል አይገጥምም። ስለዚህ ኖታውን በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚፈቅድ መሣሪያ ያስፈልጋችኋል። ይህን የማይጠይቅ አቀናባሪ የወሎን ዜማ አጠፋፍቶ ነው የሚያወጣው፤ ስንቱን ሰምቻለሁ!

ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ፕሮግራም) በፍላሽ ጭናችሁ አትምጡ። ባንካችሁንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን የምትጽፉበት ማሽን ላይ የማይታወቅ ሰው የከፈተውን ፕሮግራም መጫን ምን የሚሉት ነው? የሙዚቃ መቅጃና ማቀናበሪያው ሪፐር 60 ቀን በነፃ ይሞከራል፣ ለግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ለሥዕልና ለግራፊክስ የሚሆኑት ክሪታና ኢንክስኬፕ ነፃ ናቸው። የሌላው የሙዚቃ ፕሮግራም፣ የኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ሙከራ ግን ያስቀመጣችሁትን ፋይል መልሶ አይከፍትም፤ ሥራችሁን እንዳታጡ።

አሁን ወደ ዋናው። ድርጅቶችና ትምህርት ቤቶች ማሽኖቻቸውን በርቀት ለመቆጣጠር በሴሪያል ቁጥር ያስመዘግባሉ። ሠራተኛ ሲለቅ ወይም ማሽኑ ሲሰረቅ ያ ምዝገባ አብሮት ይኖራል። ዲስኩን ብታጠፉትም አይለቅም፤ ሊያነሳው የሚችለው ያስመዘገበው ድርጅት ብቻ ነው። አንዳንድ ሻጭ ኢንተርኔት ሳያገናኝ አዘጋጅቶ ስለሚያቀርበው ማሽኑ ንጹሕ ይመስላል። እኔም ከአንድ ሰው መኪና ማቆሚያ ውስጥ የገዛሁት ማክቡክ እንደዚያ ነበር፤ ቆንጆ አድርጎ ሠራልኝ። አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጭን ስል ዋይፋይ ባገናኘሁበት ቅጽበት ሰምቼ የማላውቀው ድርጅት ስም ያለበት ገጽ ወጣና የሠራተኛ መግቢያ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲያ ነበር መንከራተቱ። ድርጅቱ ጋ ስደውል «ለውጭ ሰው መረጃ አንሰጥም» አሉኝ። የአምራቹ ድጋፍ ክፍል «የመጀመሪያውን ደረሰኝ አምጣ» አለኝ። ፖሊስ የመዝገብ ቁጥር ሰጥቶ ሸኘኝ። አንዱ ወደ ሌላው እየላከ ማንም ኃላፊነት አይወስድም። ሻጩም አካውንቱን ዘግቶ ጠፍቷል።

ስለዚህ ከግለሰብ ስትገዙ ሻጩ ፊታችሁ ላይ ሙሉ በሙሉ ያጥፋው። በስልካችሁ ሆትስፖት አገናኙትና ዴስክቶፑ እስኪወጣ ድረስ ራሳችሁ አዘጋጁት። «ሪሞት ማኔጅመንት» ካለ፣ የድርጅት ኢሜይል ወይም የሌላ ሰው አፕል አካውንት ከጠየቀ፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ዊንዶውስም እንዲሁ ነው። ሻጩ «እቸኩላለሁ» ካለ ይቸኩል። ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች ለእንዲህ ያለ ግብይት የተፈቀደ መኪና ማቆሚያ አላቸው፤ እዚያ ተገናኙ። በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያው) የላካችሁትን በካሽ እንደሰጣችሁት ቁጠሩት።

ይህ ሁሉ የሚከብዳችሁ ከሆነ ከአምራቹ የታደሰ ግዙ። አፕል ለሚያድሰው የ1 ዓመት ዋስትና ይሰጣል። «ክሬዲት አያስፈልግም» ብለው በየሳምንቱ የሚያስከፍሉ ሱቆች ጋ ግን አትግቡ፤ ተደምሮ ሲያልቅ የዕቃውን እጥፍ ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

ደሴ ላለ ወንድማችሁ የምትልኩ ደግሞ ከማሸጋችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። እዚህ 120 ቮልት ነው፣ አገር ቤት 220። የላፕቶፕ ቻርጀር 100-240 ስለሚል ችግር የለውም። ስፒከር ላይ ግን 120 ብቻ ከተጻፈ ትራንስፎርመር አብራችሁ ላኩ፤ አለበለዚያ እንደሰካው ይቃጠልበታል።