ልጅን ለኦፕራሲዮን እንዴት እናዘጋጅ? ከቀጠሮው ቀን እስከ ትምህርት ቤት መመለስ

ለቶንሲል፣ ለቡአ፣ ለከንፈር መሰንጠቅ ወይም ለቆልማማ እግር የኦፕራሲዮን ቀጠሮ የተያዘለት ልጅ ቤት ውስጥ አብዝቶ የሚሰማው “አይዞህ፣ ምንም አይደለም” የሚለውን ነው። ቃሉ የፍቅር ነው፤ ልጁ በልቡ ለያዘው ጥያቄ ግን መልስ አይሆነውም። ምን እንደሚደረግለት ያልተነገረው ልጅ ቀሪውን ራሱ ይፈጥረዋል፤ የሚፈጥረውም አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው በተለይ ከ3 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው።

1. ማስፈራሪያውን ዛሬውኑ አቁሙ

“ዝም ካላልክ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል” በብዙ ቤት ይባላል። ቀጠሮ ከተያዘ በኋላ ሠራተኛም፣ ጎረቤትም፣ አያትም እንዳይሉት አስጠንቅቁ። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ በሽታን ከጥፋት ጋር ያያይዛል፤ እህቱን ስለመታ የታመመ ሊመስለው ይችላል። ባይጠይቅም በግልጽ ንገሩት፦ “የታመምከው ስላጠፋህ አይደለም። ሐኪሙ የሚያድንህ እንጂ የሚቀጣህ አይደለም።”

2. የሚነገርበትን ቀን ምረጡ

እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ ከአንድ ቀን በፊት ይበቃል፤ ከዚያ ቀድሞ ቢነገረው አይገባውም። ከ4 እስከ 6 ዓመት ላለ ከ3 እስከ 5 ቀን ቀድሞ፣ ከ7 ዓመት በላይ ለሆነ ቢያንስ ከሳምንት በፊት። ከፍ ያለው ልጅ ሐኪሙ ሲያስረዳ አብሮ ቢቀመጥና ራሱ ቢጠይቅ ይመረጣል። ማታ መኝታ ሰዓት ላይ አትንገሩት፤ ጥያቄውን ይዞ ጨለማ ውስጥ ይቀራል።

3. እውነቱን በልጅ ልክ ንገሩት

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። “ከረሜላ ልንገዛ ነው” ተብሎ ሆስፒታል የገባ ልጅ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከቤት አይወጣም፤ የሚብሰው ደግሞ እውነት ሲነገረውም ማመን ማቆሙ ነው። አብዛኞቹ ልጆች የሚፈሩት ጥቂት ነገር ነው፤ መልሱን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

“ያመኛል?” አዎ፣ የሚያምም ነገር አለ። “መርፌው ሲገባ ይቆነጥጥሃል፤ እስከ አምስት ስትቆጥር ያልፋል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላም ቦታው ያምሃል፤ ስትነግረን ሲስተሯ ማስታገሻ ትሰጥሃለች።” “አያምህም” ካላችሁና ካመመው፣ ቀጥሎ የምትሉት ሁሉ ውሸት ይሆንበታል። ግሉኮስ የሚሰካበትን ነገር በተለይ አስረዱት፦ መርፌው ወዲያው ይወጣል፣ እጁ ላይ የሚቀረው ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ይህን ያልተነገረው ልጅ መርፌው ውስጥ ያለ መስሎት እጁን እንደ እንጨት አድርቆ ይውላል።

“መሃል ላይ ብነቃስ?” ይህ ከ7 ዓመት በላይ ያሉ ልጆች ፍርሃት ነው። የማደንዘዣ ባለሙያው ከአጠገቡ እንደማይለይ፣ ሥራውም እሱን እስከ መጨረሻው እንዲተኛ ማድረግና ሲያልቅ ማንቃት እንደሆነ ንገሩት። “ትተኛለህ” ብቻ ብላችሁ ግን አትለፉ። በቅርቡ አያቱ “አንቀላፉ” ወይም “አረፉ” ሲባል የሰማ ልጅ ይህንንም እንደዚያ ሊረዳው ይችላል። “መድኃኒት የሚያመጣው ልዩ እንቅልፍ ነው፤ መድኃኒቱ ሲቆም ትነቃለህ” በሉት።

“እናቴ ትተወኛለች?” ይህን ትንንሾቹ በቃል አይጠይቁም፤ ቀሚስ ይዘው በማልቀስ ነው የሚጠይቁት። የት እንደምትቀመጡ፣ መቼ እንደሚያገኛችሁ ትክክለኛውን ንገሩት።

“እሞታለሁ?” ብሎ የጠየቀ ልጅ አይገሠጽ፣ ወሬውም አይቀየርበት። መጀመሪያ “ምን ሰምተህ ነው?” ብላችሁ ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ የትልልቆች ጨዋታ ጆሮው ገብቶ ነው። ቀጥሎ ሐኪሙ ስለ እሱ ሕክምና የነገራችሁን በቀላል ቋንቋ ድገሙለት።

ለትንንሾቹ ከንግግር ይልቅ ጨዋታ ይሠራል። ከመድኃኒት ቤት መርፌው የሌለበት ሲሪንጅ፣ ፋሻ፣ ፕላስተርና የአፍና አፍንጫ ጭምብል ግዙ። ሐኪሙ ልጁ ይሁን፣ ታማሚው አሻንጉሊት። ማደንዘዣው በጭምብል የሚሰጥ ከሆነ ጭምብሉን ራሱ ፊቱ ላይ እየያዘ ፊኛ እንደሚነፋ ሰው በረጅሙ ይተንፍስ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ሽታውም እንግዳ ሊሆንበት እንደሚችል ጠቁሙት። ውድ መጫወቻ አያስፈልግም። የኦፕራሲዮን ቪዲዮ ከኢንተርኔት ማሳየት ግን ጉዳት ነው፤ ደም ያየ ልጅ ሌላው ማብራሪያ አይገባውም።

4. ጾሙን በጥብቅ ጠብቁ

የተለመደው ሥርዓት ይህ ነው፦ ምግብ፣ የላም ወተትና አጥሚት ከማደንዘዣው 6 ሰዓት በፊት ይቆማል፤ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት። ሆስፒታሉ ሌላ ካዘዘ የእሱን ተከተሉ። ምክንያቱ ማደንዘዣ ሲሰጥ የማሳልና የመዋጥ መከላከያው ስለሚደክም፣ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ መቻሉ ነው። አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከርኅራኄ ነው፦ አያት “ይርበዋል” ብላ አንድ ጉርሻ ወይም አንድ ፉት ወተት ትሰጠዋለች፣ ከዚያም ትደብቃለች። ወተት እንደ ምግብ እንጂ እንደ ውኃ እንደማይቆጠር ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ። በልቶ ከተገኘ ሳትፈሩ ተናገሩ፤ ቀጠሮ ቢዘዋወር ይሻላል። በአንጻሩ ተራው ከተላለፈ ሲስተሯን ውኃ ይጠጣ እንደሆነ ጠይቁ፤ ልጅ ያለ ምክንያት ቀኑን ሙሉ ሊጠማ አይገባም። ወንድምና እህቶቹም ፊቱ አይብሉ።

በዚያው ቀን ለማደንዘዣ ባለሙያው የሚነገሩ፦ የሚነቃነቅ ጥርስ (በ6 እና በ7 ዓመት የተለመደ ነው፤ ወልቆ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል)፣ ሳል፣ ጉንፋን፣ ትኩሳት፣ የመድኃኒት አለርጂ። የጥፍር ቀለምና ሂና ኦክስጅን በሚለካው የጣት መሣሪያ ላይ ችግር ሊፈጥሩ ስለሚችሉ አስቀድማችሁ አስለቅቁ፤ ሂናን ከነጭራሹ ከሳምንታት በፊት ተዉት። ማዕተብ ይውለቅ ከተባለ በልጁ ፊት ተቀብላችሁ “ስትነቃ አስርልሃለሁ” በሉት፤ ሳያይ አትቁረጡበት።

5. በሩ ላይ

በብዙ ሆስፒታል ወላጅ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር አያልፍም። ይህን ከቀናት በፊት ጠይቃችሁ እወቁ፤ ያልተጠበቀ መለያየት ልጁንም እናንተንም ያፈርሳል። ለማረጋጋት የሚሰጥ መድኃኒት መኖሩንም ጠይቁ።

ይዞት የሚሄደው ከእናትና ከአባት የተረጋጋው ይሁን። የምታለቅስ እናት በሩ ላይ ባትቆም ይሻላል፤ ፍቅሯን መለካት አይደለም፣ ልጅ ፊቷን አይቶ ነው አደጋውን የሚገምተው። “ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ” ብሎ መጥፋት ከሁሉ የከፋ ነው። ሳሙት፣ “እዚህ ወንበር ላይ ነኝ፤ ስታበቃ ይጠሩኛል፣ እመጣለሁ” በሉትና ለሲስተሯ ስጡት። ሰላምታው አጭር ይሁን፤ በረዘመ ቁጥር ልቅሶው ይበረታል። “ዓይንህን ስትገልጥ እኔን ታያለህ” የምትሉት ግን ማገገሚያ ክፍል እንደሚያስገቧችሁ ካረጋገጣችሁ ብቻ ነው። የእናት ነጠላ ቁራጭ ወይም የሚወደው አሻንጉሊት አብሮት እንዲገባ ፈቃድ ጠይቁ። የስልክ ካርቱን እዚህ ላይ ጥሩ ነው፤ ዓይኑን ከጭምብሉ ያነሳለታል።

ሲነቃ የሚሆነውንም አስቀድማችሁ እወቁ። አንዳንድ ልጅ፣ በተለይ ትንንሹ፣ ሲነቃ ይጮኻል፣ ይራገጣል፣ እናቱን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ማደንዘዣው እየለቀቀው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልፋል፣ ኋላም አያስታውሰውም። ካኑላውን (እጁ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ቱቦ) እንዳይነቅል እጁን ያዙለት፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ሕመም እንዳይሆን ሲስተሯን ጠይቁ።

6. የአልጋ ጎረቤቶቹ

እንግሊዝ ውስጥ ወላጅ ልጁን እንደልቡ እንዲጠይቅ ለማስፈቀድ በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የፕላት ሪፖርት የተባለው የመንግሥት ኮሚቴ ጥናት አስፈልጓል። እኛ አገር አስታማሚ ልጁ አጠገብ ማደሩ የተለመደ ስለሆነ ትልቅ ጥቅም አለን። ሆኖም አዋቂ ሊሰጠው የማይችለውን ነገር የሚሰጠው ሌላ ልጅ ነው። ትናንት ኦፕራሲዮን ሆኖ ዛሬ ተቀምጦ ዳቦ የሚበላ የአልጋ ጎረቤት ከእናንተ ማብራሪያ ሁሉ ይበልጣል።

ስለዚህ እንደገባችሁ መጀመሪያ ከጎረቤቱ አስታማሚ ጋር ተዋወቁ፤ ልጆቹ በእናንተ ድፍረት ይቀርባሉ። እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ሆስፒታሎች ከየክልሉ የመጡ ልጆች ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ቋንቋ ካልተግባቡም ቅልሽ፣ ካርታና ሥዕል ቃል አይፈልጉም። አምስት ጠጠር ታጥቦ ቢመጣ ይበቃል። ልጃችሁ ሽንቱ ሲመጣ ወይም ሲያመው የሚለውን ቃል ደግሞ ለሲስተሯ ንገሩ፤ አማርኛ የማይናገር ልጅ ከሆነ በተለይ።

ሁለት ጥንቃቄ። ብርቱካንና ዳቦ ለጎረቤት ልጅ መስጠት ባህላችን ነው፤ እሱ ግን ነገ ተረኛ ሆኖ እየጾመ ሊሆን ይችላል። አስታማሚውን ሳትጠይቁ አትስጡ። ሌላው፣ ትልልቆቹ ልጆች “እኔን እንዲህ አደረጉኝ” እያሉ ያጋንናሉ። ልጃችሁ ድንገት ዝም ካለ “ምን አሉህ?” ብላችሁ አውሩት፣ ለእሱ የማይደረገውን ለዩለት። ጓደኛው ተሽሎት ቢወጣ እንዲሰነባበቱ ቀስቅሱት። ጓደኛው ከሞተ ደግሞ “ወደ ቤቱ ሄደ” አትበሉ፤ ከሌላ ልጅ ይሰማል። የጓደኛው በሽታ ከእሱ የተለየ ከሆነ ልዩነቱን አስረዱት።

7. የትምህርት ቤት ጓደኞቹ

ከመሄዱ በፊት ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ንገሩ፤ መምህሩም ልጁ ቢስማማ ለክፍሉ ያስረዳ፦ የት እንደሄደ፣ በሽታው የማይተላለፍ መሆኑን፣ መቼ እንደሚመለስ። ባዶ ወንበር ወሬ ይወልዳል። ጓደኞቹ ሥዕል ወይም በቴሌግራም አጭር የድምፅ መልእክት ቢልኩለት ደስ ይለዋል፤ ቶንሲል የተሠራ ልጅ ግን መናገር ስለሚያመው መልሱን በሥዕል ይላክ። ፎቶውን ያለ ፈቃዱ አትላኩ።

ቤት ከገባ በኋላ አልጋ ማርጠብ፣ ቅዠት፣ እናትን አለመልቀቅ ሊታይ ይችላል። አትቆጡ፣ አታሳፍሩት፤ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ከወር ካለፈ ሐኪሙን አማክሩ። ቶንሲል ከወጣለት ልጅ አፍ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩስ ደም ከታየ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ትምህርት ሲጀምር መሮጥና ኳስ እስከ መቼ እንደተከለከለ ሐኪሙን ጠይቃችሁ ለመምህሩ በጽሑፍ ስጡ። ጠባሳው የሚታይ ከሆነ “ምንድን ነው?” ለሚለው ጥያቄ አጭር መልስ ቤት ውስጥ ተለማመዱ፦ “ኦፕራሲዮን ሆኜ ነው፣ አሁን ድኛለሁ።” በእረፍት ሰዓት ብቻውን ዳር እንዳይቀመጥም አብሮት ቁጭ ብሎ የሚጫወት አንድ ጓደኛ ራሱ ይምረጥ፣ መምህሩም ይወቀው።