ቴሪያኪ በርገር ሲበላሽ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ኩሽና

ጃፓን ውስጥ ሞስ በርገር የተባለው የበርገር ቤት ቴሪያኪ በርገርን (ከሶያ ሶስና ከስኳር በሚሠራ ጣፋጭ ሶስ የሚለበጥ በርገር ነው) በ1973 እ.ኤ.አ.፣ ዳቦው በሩዝ የተተካበትን ደግሞ በ1987 ለገበያ አቅርቧል። ሁለቱም ወሎ ገበያ ላይ በሚገኝ ዕቃ ይሠራሉ። አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከሶሱ ነው፤ ከሱ እንጀምር።

ሶሱ አርሮ ይመርራል

ጥፋቱ የስኳሩ ነው። ጥሬ ሥጋ ሶስ ተቀብቶ መጥበሻ ላይ ከወጣ፣ ውስጡ ሳይበስል ስኳሩ ይከስላል። በሶስ ዘፍዝፎ ማሳደርም ያው ነው። ሶሱ ለብቻው ይሠራ። ለአራት በርገር 4 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 4 ውሃ፣ 3 ስኳር፣ 1 አቼቶ፣ እንዲሁም 1 የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ዝንጅብል ይበቃል። ጃፓኖች ሚሪን (ጣፋጭ የሩዝ ወይን) እና ሳኬ (የሩዝ መጠጥ) ይጨምሩበታል፤ ሁለቱም አልኮል አላቸውና ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ በሚቀመጥበት ማዕድ አቼቶውና ስኳሩ ይሻላል። ጣዕሙ ትንሽ ይለያል እንጂ አይጎድልም። (ሥጋው ከማን ልኳንዳ እንደሚገዛም አስቀድሞ መነጋገር ነው።)

በለስላሳ እሳት ይንተክተክና ማንኪያ ላይ ሲለጠፍ ይውረድ። ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚወፍር ድስቱ ላይ እንዳለ ማር እስኪመስል አትጠብቁ። ሥጋው ከበሰለ በኋላ ዘይቱን ደፍታችሁ ሶሱን አፍስሱ፤ እያገላበጡ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

ጨው ይበዛል

ሶያ ሶስ ራሱ ጨው ነው፣ ሲንተከተክ ደግሞ ይጠነክራል። ለ500 ግራም ሥጋ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ በላይ ጨው አታስገቡ። ሶሱ አንዴ ጨው ከበዛበት 2 ማንኪያ ውሃና ጥቂት ስኳር ያስተካክለዋል።

ሥጋው ይደርቃል፣ ይፈርሳል

ቀይ ሥጋ ብቻ ከሆነ መድረቁ አይቀርም፤ 400 ግራም ቀይ ከ100 ግራም ጮማ ጋር አስፈጩ። መፍረሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የተቁላላው ሽንኩርት ትኩሱን ከገባ ጮማውን ያቀልጠዋል፣ ሥጋውም አይያያዝም። ሽንኩርቱ ይቀዝቅዝ። ከዚያ 1 እንቁላልና በ3 ማንኪያ ወተት የራሰ 3 ማንኪያ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ጨምሩ፤ መጀመሪያ ግን ሥጋውን ከጨው ጋር እጅ ላይ እስኪጣበቅ እሹት። ጨውና መታሸት ናቸው የሚያያይዙት። ውፍረቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ መሃሉን በጣት ጎድጎድ አድርጉት፤ አለዚያ ሲጠበስ መሃሉ ያብጣል። ጥሬ ሥጋ ለለመደ ሰው መሃሉን ቀይ መተው ያጓጓል፣ የተፈጨ ሥጋ ግን እስከ ውስጡ (71 ዲግሪ) መብሰል አለበት።

የሩዙ ዳቦ ይበተናል

ባስማቲ አይጣበቅም፤ የፎገራ ሩዝ ይሻላል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ገና በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዚህ የተነሳ ሩዙ ጥንካሬ ይቀረዋል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ችግሩ ይቀላል። ደሴ ላይ ለ1 ኩባያ ሩዝ 1 ተኩል ኩባያ ውሃ አድርጉ፤ ከወረደ በኋላም ክዳኑ ሳይነሳ 15 ደቂቃ ይቆይ። ትኩስ ሳለ በእርጥብ እጅ ወይም በኩባያ ክዳን ጠፍጥፉት፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ሶያ ሶስ ነካ አድርጋችሁ በጥቂት ዘይት ጥበሱት። ትኩሱን መጥበሻ ላይ የጣለ ሰው ሩዝ ቁሌት ነው የሚያወጣው።

ዳቦው ይበሰብሳል

የተቆረጠውን ፊት በደረቅ መጥበሻ ጥበሱና ማዮኔዝ ቀቡት፤ ቅባቱ ሶሱን ያግዳል። የተከተፈው ጥቅል ጎመን ጨው ነክቶት ከቆየ ውሃ ስለሚያወጣ ጨምቁት። ሚጥሚጣ ከፈለጋችሁ ማዮኔዙ ውስጥ እንጂ ሶሱ ውስጥ አይግባ፤ ጣፋጩን ይሸፍነዋል።